ትሁን «ካሜራው ይቆይ» ያለችበት ቀን

ጠዋት ስልክ ተደውሎ «ትሁን አረፈች» ተባልኩ። የትኛዋ ትሁን? አልኩ። ሌላ ትሁን እንድትሆን ፈልጌ ነው። ትናንት ከሰዓት እኮ ስለ አዲሱ ፊልማችን ስትነዘንዘኝ ነበር። ልቧ ነው አሉኝ፤ ድንገት።

ይህን የምጽፈው ደብረ ታቦር መናኸሪያ ቁጭ ብዬ፣ ወደ እስቴ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው። ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ለማታውቋት፦ ትሁን የእስቴ ልጅ ናት። ማንም ሳይልካት፣ በራሷ ካሜራ፣ ስለታመሙና ሰው ስላገለላቸው ሰዎች ዘጋቢ ፊልም ትሠራ ነበር። ካሜራውን ይዤ የምቀርጽላት እኔ ነበርኩ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ከአፏ አብዝቼ የሰማሁት «ካሜራው ይቆይ» የሚለውን ነው። በመቅረጽ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያናድድ አስቡት።

አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያሉ አንዲት እናት ዘንድ የሄድን ጊዜ አይረሳኝም። እትዬ ጥሩዬ ይባላሉ። ሁለቱም እግራቸው አብጧል፤ ዕድሜ ልካቸውን በባዶ እግር ሲኮተኩቱ አፈሩ ያመጣባቸው በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጎረቤቱ ግን ይጋባል እያለ ማኅበር ላይ ለብቻቸው ያስቀምጣቸዋል። ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችም እግራቸውን አይተው በዚያው ቀርተዋል። ስለዚህ ፊቴን ቅረጹ፣ እግሬን ግን እንዳታነሱ ብለው አስማሉን።

ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ደቂቃ አልቀረጽንም። ትሁን ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ እኔ አጉረመርማለሁ።

በአራተኛው ቀን ለብ ያለ ውሃና ሳሙና አቀረበችና መሬት ቁጭ ብላ የእትዬን እግር ጣት በጣት እየለየች ታጥብ ጀመር። እትዬ መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ ኋላ አለቀሱ። እኔ ካሜራዬን አነሳሁ። ትሁን ቀና እንኳ ሳትል «ካሜራው ይቆይ» አለችኝ። ከዚያ የሚበልጥ ምስል በሕይወቴ አላጋጠመኝም፤ ፊልሙ ውስጥ ግን የለም። ሳምንት አኮረፍኳት።

ፊልሙ ሲያልቅ አንድ አርብ፣ ገበያተኛው ሳይበተን፣ እዚያው ከተማ አዳራሽ ውስጥ አሳየነው። ቃላችንን ስለጠበቅን ከጉልበት በታች የሚታይ ነገር አልነበረም። መብራቱ ሲበራ እትዬ ጥሩዬ ከኋላ ተነሱ። ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው እግራቸውን ለሰዉ አሳዩ።

«ይኸው፣ የምትሸሹት እግር ይህ ነው። ይች ልጅ በእጇ አጥባዋለች። እስቲ እጇን እዩት፣ ምን ሆነ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ትሁን እጅ ዞረ። እሷ እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ያንንም አልቀረጽኩም፤ በዓይኗ ከለከለችኝ።

ልጃቸው ወዲያው ተዳረች ብዬ ባሳምረው ደስ ይለኝ ነበር። እስካሁን አልሆነም። እትዬ ግን ዛሬ ማኅበር ላይ ከሰው መሀል ነው የሚቀመጡት።

ቅድም ደወልኩላቸው። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ከመንገደኛ እንዳይሰሙት ብዬ ነው።  አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እግሯን ማን አጠበላት? የኔ ተራ ነበር።»



ትሁንዬ፣ ቀብሩን ትቀርጸዋለህ ወይ እያሉኝ ነው። እኔ ባዶ እጄን ነው የምመጣው፤ አንቺን አፈር ለማልበስ ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል። ደህና ሁኚ፣ እህቴ። ካሜራው ይቆይ።