አውራ ጣትህን አዙር

አጎቴ ካረፈ ወዲህ ጓሯችን ባለው የክብደት ማንሻ አግዳሚ ራስጌ የሚቆም ሰው የለም። ነፍሱን በደግ ቦታ ያሳርፍልኝ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር፤ እዚሁ ጅጅጋ ቀርቶ የሰፈሩን ልጆች ክብደት ማንሳት ያስተምር ነበር። ልጄ አግዳሚው ላይ ተንጋሎ ሲያነሳ፣ አጎቴ እጆቹን ከብረቱ ሥር ዘርግቶ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለው ነበር፦

«ጠበብ አድርገህ ስትይዝ የክንድህ ጀርባ ይሠራል፤ ሰፋ ስታደርግ ደረትህ። እንደፈለግህ ያዝ፣ አውራ ጣትህ ግን ብረቱን ይዙር። አለዚያ ተንሸራቶ አንገትህ ላይ ነው!»

እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እሱን ስሰማ ግን ፍርሃቴ ቀለል ይለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሊያነሳ ተጋደመ። ባየው፣ አውራ ጣቱ ብረቱን አልዞረም፤ ከሌሎቹ ጣቶቹ ጎን ነው። ጎረምሶቹ ደረታቸውን ገልጠው ቆመዋል፣ እኔ የቤት ቀሚሴን ነው የለበስኩት። ምን ብዬ መሀላቸው ልግባ? ግን ገባሁ።

«አውራ ጣትህን አዙር!»

«እማዬ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ!»

እንደ እናቱ ቆጥሮኝ በሶማልኛ «ሆዮ»፣ እማዬ፣ እያለ የሚጠራኝ የጎረቤት ልጅ ሳቀ። «ሆዮ፣ አሰልጣኝ ሆንሽ እንዴ?»

«ሳያዞር ንቅንቅ አልልም» አልኩ።

ልጄ እያጉረመረመ አዞረ። ማንሳት ሲጀምር ራስጌው ቆምኩ፤ የአጎቴ ቦታ ሰፋኝ። ሁሉም ያዩኛል፣ ፊቴ ነደደ። በነጠላዬ ጫፍ መሸፈን አማረኝ፤ ሁለቱም እጆቼ ግን ከብረቱ ሥር ነበሩ።