ቅቤ የጠጡ ስድስት ጥይቶች

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የተቀበልኩትም እኔ ነኝ። የሻምበላችን የሬዲዮ ሠራተኛ ስለነበርኩ ክፉም ሆነ ደግ ወሬ መጀመሪያ የሚገባው በእኔ ጆሮ ነበር። «ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉልቻን ታጠቃላችሁ» ይላል። ጉልቻ ያልነው ሦስት ራስ ያለውን ኮረብታ ነው። ካርታው ላይ የሚታወቀው በቁጥር ነው፤ ወታደር ግን ቁጥር ላይ መሞት ስለማይወድ ስም አወጣንለት።

ይህን የምጽፈው እዚህ ቶሮንቶ ተወልደው ለሚያድጉት ልጆቻችን ነው። ጦርነት ላይ ነበርክ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ነበርኩ እልና ወደ ሌላ ጨዋታ እሄዳለሁ። ስለ ጀግንነት የምነግራቸው ብዙ የለኝም። የማውቀው ስለ አንድ ጓደኛዬ፣ ስለ ሁለት አሮጌ ሽጉጦችና ስለ ስድስት ጥይቶች ነው።

ጓደኛዬ አሥር አለቃ ደምሴ ይባላል። መትረየስ ተኳሽ ነበር። እሱ የገጠር ልጅ፣ እኔ የከተማ ልጅ ነን፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አንድ ምሽግ ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ኖረናል። ዝግ ብሎ ነበር የሚናገረው። አንድ ነገር ሊል ሲል እኔ ሲጋራዬን ለኩሼ፣ አጭሼ፣ ጨርሼ እጠብቀዋለሁ። ዛሬ እንዲያ እያዘገመ የሚያወራኝ ሰው ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

እኔ ጀርባዬ ላይ ሬዲዮ፣ እሱ ትከሻው ላይ መትረየስ ስለምንሸከም ክላሽ መጨመር አይቻለንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሰጠው ማካሮቭ ሽጉጥ ነበር። ማካሮቭ ስላለቀ ንብረት ያዡ ከሣጥን ሥር ሁለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ፈልጎ አወጣልን። በንጉሡ ጊዜ ለፖሊስ የመጡ ናቸው አለን። አፋቸው አውራ ጣት ያስገባል። ክብደታቸው ቀበቶ ይጎትታል፤ ስሮጥ ጭኔን እየደበደበ ያበልዘኝ ነበር። ሲተኮስ ደግሞ ክንድን ወደ ሰማይ ያነሳል። ደምሴ አጨባበጤን አይቶ «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ችግሩ ጥይቱ ነው። ለሁለታችን የተሰጠን አሥራ ስምንት ብቻ ነበር። ያን የሚያህል ወፍራም ጥይት ከየትም አይመጣም፤ ስለዚህ ተኩሶ መሞከር የለም። የምንመርጠው በዓይን፣ በእጅና በጆሮ ነው። ብርድ ልብሱን አንጥፈን እንደረድራቸዋለን። መጀመሪያ ግርጌያቸውን እናያለን፤ አንዴ ተመትቶ የከሸፈ ጥይት ጠባሳ አለው። ቀጥሎ እርሳሱ ይወዛወዝ እንደሆነ በጣታችን እንፈትሻለን። በመጨረሻ ጆሯችን ላይ አድርገን እንነቀንቀዋለን። ባሩዱ እንደ ደረቅ ጤፍ ሽር ሽር ካለ ደህና ነው፤ ዝም ካለ አይታመንም። በዚህ ፈተና ስድስቱ ብቻ አለፉ። አሥራ ሁለቱ የወየቡ፣ አንዳንዶቹም አረንጓዴ ዝገት የያዙ ነበሩ። ሁሉንም ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው ደምሴ ነው።

ትእዛዙ ከመድረሱ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ የስንቅ መኪና ሾፌር ከደምሴ እናት የተላከ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አመጣለት። ሲከፍተው ለጋ ቅቤ ነው። ያለንበት ቆላ በረሃ ስለሆነ ቅቤው እስኪደርስ ቀልጦ ዘይት ሆኗል። ራሱን ሊቀባ ነው ብዬ አሰብኩ። ራሱ ላይ ግን አንድም ቀን አላየሁትም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

የዚያን ቀን፣ ትእዛዙን ለአዛዣችን አድርሼ ስመለስ፣ ደምሴ ስድስቱን ጥይቶች መዳፉ ላይ ይዞ ጠበቀኝ። ያብረቀርቃሉ። በእሱ አዝጋሚ አነጋገር ሽጉጤን እንድሰጠው ጠየቀኝ። እምቢ አልኩ። መትረየሱ ጥይት ነክሶ ቢቆምበት እጁ ላይ ምን ሊቀር ነው? እሱ ደግሞ «አንተ ከወደቅህ ሻምበሉ በሙሉ ደንቆሮ ነው» አለኝ። ትሪ ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ጉርሻ አንተ ብላ፣ የለም አንተ ብላ እንደሚባባሉ ሰዎች ተከራከርን። በመጨረሻ ሽጉጤን ሰጠሁት፤ ስድስቱንም አጎረሰልኝ። ለራሱ ከወየቡት ያዘ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደምሴ ቀበቶውን ከነሽጉጡ ሰቅሎ ውኃ ሊቀዳ ወረደ። ያን ጊዜ ሽጉጡን ከማህደሩ አውጥቼ ጥይቶቹን ለዋወጥኩ። የእሱን አሮጌዎች ለእኔ፣ የእኔን ስድስት ለእሱ። ሲነኩ ያሟልጫሉ። የጠመንጃ ዘይት መስሎኝ በሱሪዬ ጠረግኳቸው። ጆሮዬ ላይ ግን አልነቀነቅኳቸውም። አብረን የመረጥነውን፣ እሱ በአደራ ያስቀመጠውን፣ እንደ ነጋዴ ሚዛን መልሶ መፈተሽ ነውር መሰለኝ። ውኃውን ይዞ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ እየነካካሁ ነበር፤ ልቤም ደስ ብሎት ነበር።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። እስከ ኮረብታው ወገብ ያለ ተኩስ ወጣን። ከዚያ ከላይ ከፈቱብን። ተኛን። ደምሴ ከእኔ አሥር እርምጃ ያህል በስተግራ ድንጋይ ተከልሎ መትረየሱን አስጮኸው። በእሱ ተኩስ ሽፋን ወደ ፊት ሄድን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያውን ራስ ያዝን፤ ደምሴም ደርሶ ከጎኔ ሌላ ድንጋይ ተከለለ። ጥቂት ቆይተው በመልሶ ማጥቃት መጡብን። መትረየሱ ቆመ።

አንድ ሰው ድንጋዩን ዞሮ ወደ ደምሴ መጣ። ደምሴ ሽጉጡን መዘዘ። ቃታውን ሲስብ ሰማሁ። ጠቅ አለ። ደግሞ ጠቅ። አራት ጊዜ ቆጠርኩ። እኔ የራሴን መዝዤ ተኮስኩ። የመጀመሪያው ከሸፈ፤ ሁለተኛው፣ ያ ዝገት የያዘው፣ ክንዴን አንስቶ ጮኸ። ሰውየው ወደቀ። እሱ ግን ደምሴ ላይ ቀድሞ ተኩሶ ነበር።

ስደርስ ደምሴ ተቀምጦ ድንጋዩን ተደግፏል። ሽጉጡን ከፍቶ ጥይቶቹን እያየ ነበር። የሚያብረቀርቁት ናቸው። ቀና ብሎ አየኝ።

«አታለልከኝ አይደል?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ያን ጊዜ ብቻ ነው ሳያዘግም ሲናገር የሰማሁት።

ማታ ንብረት ያዡ ከስድስቱ አንዱን በጉጠት ከፈተው። ውስጡ ያለው ባሩድ እንደ ሊጥ ቦክቷል። አሸተተውና «ቅቤ ነው» አለ። የወተት ዱቄቱን ቆርቆሮ ከደምሴ ዕቃ ውስጥ አገኘነው። ወለሉ ላይ የስድስት ጥይት ግርጌ ክብ ክብ ሆኖ ታትሟል። ሦስት ሳምንት በዚያ ሙቀት ውስጥ ቅቤ ሲጠጡ ከርመዋል። ለእኔ ብሎ ነው ያስቀመጣቸው።

ጊዜው አልፎ በሱዳን በኩል ወጥቼ ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ ቶሮንቶ ገባሁ። መጀመሪያ ላይ ገንዘብ በመኪና የሚያመላልስ ድርጅት ዘበኛ ይፈልጋል ተባልኩና ሄድኩ። አሠልጣኙ ጠረጴዛው ላይ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥና ሁለት ዓይነት ጥይት አስቀመጠ። ጎበዝ ሰው ነበር፤ የአንዱንና የሌላውን ልዩነት በትዕግሥት አስረዳኝ። እኔ አንዱን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ነቀነቅኩት። ሳቀ። አመስግኜው ወጣሁና ፋብሪካ ገባሁ።

የደምሴን እህት አልማዝን ያገኘኋት ቤተ ክርስቲያን ነው። የወንድሟ ጓደኛ መሆኔን ስታውቅ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እንዴት እንደሞተ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላወራሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ ስልክ ደወለች። «እማዬን ስፖንሰር አድርጌ አምጥቻታለሁ። ከመጣች ጀምሮ የልጄን ጓደኛ ካላሳየሽኝ ትለኛለች። ሳተርደይ ኦፍ ከሆንክ ፕሊስ ና» አለችኝ። ሦስት ቅዳሜ ኦቨርታይም አለኝ እያልኩ ዋሸሁ። ጉልቻን ስወጣ እንደዚያ አልፈራሁም። በአራተኛው ቅዳሜ ግን የፈሩት ይደርሳል ብዬ እነ አልማዝ ወደሚኖሩበት ክሬሰንት ታውን ሄድኩ።

እማማ ዘነቡ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ደምሴ ራሱ ነው የተቀመጠው፤ ያው ግንባር፣ ያው ዝግታ። ምን ይበላ እንደነበር ጠየቁኝ። ከስቶ ነበር ወይ? ይስቅ ነበር ወይ? የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጭብጦውን ቀሙት ይለኝ የነበረውንም ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ቅቤዬ ደርሶት ነበር?»

«ደርሶታል፣ እማማ።»

«ለራሱ አልነበረም የላክሁት። አባቱ ሲዘምት ጥይቱን ቅቤ ቀብቼ ነበር የምሸኘው። ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ ተመልሷል። ልጄም እንደ አባቱ እንዲያደርግ በሾፌሩ አፍ ልኬበት ነበር። እንዲያው ልጄ፣ ጠቀመው?»

አልማዝ ዕቃ የምታጥብበትን ውኃ ዘጋች። የአባቱ ጥይት ጠዋት ተቀብቶ ማታ የሚተኮስ መሆኑን፣ የእኛ ግን በበረሃ ሦስት ሳምንት መክረሙን ልነግራቸው አፌ ላይ ደረሰ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። እውነቱን ብናገር ልጃቸውን የሚገድሉት እሳቸው ሊሆኑ ነው።

«ጠቅሞታል፣ እማማ። ስድስቱም አንድ ሳይከሽፍ ነጎዱ። የወደቀው ጥይት አልቆበት ነው።»

«ተመስገን» አሉ። «እኔም እንዲያ ነበር የምለው።»

ከጓዛቸው ውስጥ ትንሽ ዕቃ አስመጡ። ከአገር ያመጡት ቅቤ ነው። ጎንበስ በል አሉኝና መላጣዬን ቀቡኝ። እጃቸው ሲያርፍብኝ ያን ሁሉ ዓመት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ፤ ለልጃቸው ያለቀስኩ መስሏቸው አባበሉኝ። ለልጃቸውም ነበር።

ክረምት ነበርና ስወጣ ብርዱ ቅቤውን ራሴ ላይ አጠጠረው። ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ባቡር ውስጥ ስገባ ደግሞ ቀልጦ በጆሮ ግንዴ ይወርድ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ተነስታ ሌላ ቦታ ሄደች። አልፈረድኩባትም። እኔ ግን እስክወርድ ድረስ አልጠረግሁትም። ደምሴ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ነበር፤ የምወርድበት ብሉር ጣቢያ ስደርስ እንኳ መውረድ አስጠላኝ።

እማማ ዘነቡ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ለዚህ ነው አሁን መጻፍ የቻልኩት። አልማዝም ታነበዋለች፤ የዚያን ዕለት ውኃውን ለምን እንደዘጋች አልጠየቅኳትም፤ እንደገመተች ግን ይሰማኛል።

ያን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጉልቻ አናት ላይ ሆኜ በሬዲዮ የሙታኑን ቁጥር አስተላለፍኩ። ከእኛ አሥራ አንድ። ከእነሱ ዘጠኝ፤ እነሱም እንደኛው እናታቸውን ሲጠሩ ሰምተናል። ኮረብታውን በአራተኛው ቀን ለቀን ወረድን። አሥራ አንድ ስል ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ድምፅ «ተቀብያለሁ» ብሎ ዘጋ። ከእነዚያ አንዱ እንዴት እንደሞተ የጠየቀኝ አልነበረም። የጠየቁኝ የደምሴ እናት ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸውም ዋሸሁ።