ቁጭ ብያለሁ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከረባት አስሬ ሄድኩ። በምጣኔ ሀብት ትምህርት ክፍል ረዳት ተመራማሪ ሆኜ ስለተቀጠርኩ ጠረጴዛና ኮምፒውተር የሚጠብቁኝ መስሎኝ ነበር። አለቃዬ ዶክተር አልማዝ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ጫማህ ዳገት ይችላል?» አሉ። ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፍረን እንጦጦ ግርጌ ወጣን። ያን ቀን ስንት በር እንዳንኳኳሁ ረስቼዋለሁ፤ ያባረረኝን ውሻ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ዶክተር አልማዝ ያን ጊዜ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። እንደሳቸው ያለ አስተማሪ አላየሁም። ሰሌዳው ላይ ቀመር ይጽፉና አንዱን ፊደል ያሳያሉ። ተማሪው «ሌበር ነው፤ የሠራተኛ ጉልበት» ሲል «ማን ነው እሱ? በስም ጥራልኝ» ይሉታል። ልጁ ተጨንቆ «ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ፣ ግንበኛ ናቸው» ካለ «በል እንግዲህ የጋሽ ታደሰን ነገር አስረዳን» ይላሉ። ክፍሉ ይስቃል፤ ትምህርቱ ግን ይገባል።

የዚያን ጊዜው ጥናታችን በየካ ዳገት ሰፈሮች ስላሉ ሴቶች ሥራ ነበር። መጠይቁ ቀላል ነው፤ ትጠይቃለህ፣ ትሰማለህ፣ ከመልሱ ጋር የሚሄደውን የቁጥር ኮድ ታከብባለህ። እኔ ፈጣን ነበርኩ፤ በፍጥነቴም እኮራ ነበር።

ወይዘሮ ጫልቱ ቤት የደረስኩት በበዓል ማግሥት፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሳይወጣ ነው። «ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው።

«በፊት ሰው ቤት ልብስ አጥብ ነበር። አሁን ቁጭ ብያለሁ፣ ልጄ።»

«ሥራ የላትም» የሚለውን ኮድ አከበብኩ። እንዲህ ያሉኝ እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ሁሉንም በዚያው ኮድ አስገባኋቸው።

ጥናቱ ተጻፈ፤ ዋናው ግኝት በዚያ ሰፈር ያሉ ብዙ ሴቶች ሥራ ፈት ናቸው የሚል ነው። አንድ የምርምር መጽሔት ሊያትመው ተቀበለው። ዶክተር አልማዝም ለፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያስገቡት ፋይል የቆመው በዚሁ ጽሑፍ ላይ ነበር።

አንድ ጠዋት በሰፈሩ ሳልፍ ከመንገድ ዳር «አንተ የመጠይቁ ልጅ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ወይዘሮ ጫልቱ ጉሊት ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ቲማቲምና ቃሪያ ተደርድሯል።

«መቼ ጀመሩ?» አልኩ።

«ምን መቼ ጀመሩ ይለኛል! ቁጭ ብያለሁ አላልኩህም እንዴ?»

እኔ የሰማሁት ሥራ ፈትቶ ቤት መዋልን ነው፤ እሳቸው የነገሩኝ ግን ጉሊት ቁጭ ብለው እንደሚሸጡ ነበር። ከአጠገባቸው ከተቀመጡት መካከል ሥራ የላቸውም ያልኳቸውን ሌሎች ፊቶችም አየሁ።

ሦስት ቀን ዋጥ አድርጌ ያዝኩት። ዶክተር አልማዝ ከሥራ የሚያባርሩኝ መሰለኝ፤ ከዚያ በላይ ግን የሳቸውን ዓይን ፈራሁ። በአራተኛው ቀን ቢሮአቸው ገብቼ ተናገርኩ።

«ሴቶቹ የተናገሩትን ቃል ጽፈኸዋል?» አሉ።

«ኮዱን ብቻ ነው ያከበብኩት።»

«መጠይቁ ላይ ቃሉን መጻፊያ ቦታ ያልተውኩልህ እኔ ነኝ» አሉና ጽሑፉ እንዳይታተም ለመጽሔቱ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሮጠው መጡ። «ዶክተር፣ ምነው? ማዕረግዎ እስኪጸድቅ እንኳ ቢታገሡ! ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ዶክተር አልማዝ፣ ቀና ሳይሉ።

እኔ አልተባረርኩም። ሁለታችንም እያንዳንዱን ቤት ደግመን ዞርን፤ እሳቸው ጉልበታቸውን እያመማቸው ዳገቱን ወጡ። ግኝቱ ተገለበጠ፤ ሥራ ፈት ካልናቸው አብዛኞቹ ከንጋት ጀምሮ ጉሊት ላይ የሚውሉ ነበሩ። ጽሑፉ እንደ አዲስ እስኪጻፍ የማዕረጉ ጊዜ አለፈ፤ ዕድሜያቸውም ደረሰ። ዶክተር አልማዝ ጡረታ የወጡት ተባባሪ ፕሮፌሰር እንደሆኑ ነው።

በሽኝታቸው ዕለት ጠጋ ብዬ «አልቆጨዎትም?» አልኳቸው።

«ቆጭቶኛል እንጂ! ምን ነካህ፣ እኔም ሰው ነኝ» አሉኝ። ያን ቀን ከማንም በላይ አከበርኳቸው።

አሁን የሳቸውን ኮርስ የማስተምረው እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ ወደ ሰፈር ሲወጡ ሰው የተናገረውን ቃል እንዳለ ይጽፋሉ፤ ኮዱ በኋላ ይሰጣል። የተሳሳተም በዚያው ዕለት ይናገራል።