የሚነዝረው በር

ይህ የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሚያዝያ ዝናብ፣ ጂንካ ውስጥ ነው። የማልረሳው ስለደነገጥኩ ብቻ አይደለም። በሰው ቤት ተቀምጬ "አልነሳም" ያልኩት ያን ቀን ስለሆነ ነው።

ከቀይ አፈር ከተማ ለሥራ መጥቼ ጋሽ ደሳለኝ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሶኬቱ ከግድግዳው ወጥቶ በሽቦው ተንጠልጥሏል። ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ ይንጣጣል። ለጋሽ ደሳለኝ በነገርኳቸው ቁጥር "ምድጃ እየሰካሽ ነው" ይሉኛል። ምድጃ የለኝም። የምሰካው ስልኬን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ከገበያ ተመለስኩ። የብረት በሬን ስይዝ ኮረንቲ ያዘኝ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነዝሮ ወደ ኋላ ጣለኝ። ቲማቲሙ ጭቃው ላይ ተበተነ። ነፍሰ ጡር ጎረቤቴ አስቴር ልታነሳኝ ሮጣ መጣች። ጎንበስ ስትል በሩን ልትደገፍ እጇን ዘረጋች።

"አትንኪው" ብዬ ጮህኩ። እጇን ሰበሰበች።

ያን ጊዜ ንዴት ያዘኝ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ጋሽ ደሳለኝ በረንዳ ላይ ወጣሁና ቆጣሪው ሥር ያለውን ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩት። የግቢው መብራት በሙሉ ጠፋ፤ የእሳቸው ቴሌቪዥንም ጭምር። በርጩማ ስቤ እዚያው ተቀመጥኩ።

ጋሽ ደሳለኝ ወጡ። "ማነው ያጠፋው?"

"እኔ ነኝ። ባለሙያ ሳያየው አይበራም። በሩ ላይ ኮረንቲ ይዞኛል።"

"በሩ ምንም የለበትም። እርጥበቱ ነው።"

"እንግዲያው ላብራውና እርስዎ ይክፈቱልኝ።"

ተከራዮቹ ሁሉ ወጥተው ያያሉ። ጋሽ ደሳለኝ በሩን አዩት። ውሃ ይንጠባጠብበታል። ቀስ ብለው እጃቸውን ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

"ሰኞ ባለሙያ እናስጠራለን" አሉ።

"ሰኞ ድረስ ከዚህ አልነሳም።"

አስቴር የራሷን በርጩማ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ጋሼ፣ እኔም አልነሳም" አለች። እሷ ለአከራያችን ቀና ብላ ስትመልስ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ጋሽ ደሳለኝ ያስጠሩት ባለሙያ መጣ። ጣሪያው ሥር የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ነክቶ፣ ቆርቆሮው ደግሞ የበሩን ብረት ነክቶ አገኘው። በአስቴር ክፍል በኩል ያለውም ሽቦ መላጥ ጀምሮ ነበር። ሁሉም ተቀየረ።

ወሩ ሲያልቅ ጋሽ ደሳለኝ ልቀቂ አሉኝ። ለቀቅኩ። "አስቸጋሪ ናት" ብለው ስላስወሩብኝ ቤት ፍለጋ ብዙ ተንከራተትኩ። አንዲት አከራይ ክፍሉን ካሳዩኝ በኋላ "የሰው መብራት ያጠፋሽው አንቺ ነሽ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ። እዚህም ሽቦው ከተላጠ አጠፋለሁ" አልኳቸው።

ቤቱን ከለከሉኝ። ሌላ ፈለግኩ። ዛሬ አንድ ሰው ያንኑ ቢጠይቀኝ መልሴ አይለወጥም።