ግድግዳ ላይ የተገኘው የመጀመሪያ እትም

ሐይቅ ከተማ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ለቤተ ክርስቲያናችን ሳምንታዊ መጽሔት የአካባቢያችንን ዜና እልካለሁ። ባለፈው ዓመት አዘጋጁ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ።

«የመጽሔታችንን ታሪክ ልናወጣ ነው። የመጀመሪያው እትም ብቻ ጠፋብን። እባክሽ እዚያ ካህናቱን ጠይቂልን» አለኝ።

ያልጠየቅሁት ሰው የለም። እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አንድ አባት እየሳቁ፣ «ብራና ቢሆን እናስቀምጥ ነበር። መጽሔት ግን አንዱ ለአንዱ ሲያውሰው በዚያው ይቀራል» አሉኝ።

ይህንን በመምህራን ማረፊያ ሳወራ አንድ ሙስሊም ባልደረባዬ ሻይውን አስቀመጠና፣ «እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያለበት አሮጌ መጽሔት ተለጥፏል። እስቲ እንየው» አለ።

ቅዳሜ አምባሰል ወጣን። እናቱ እልፍኙ ውስጥ አስገቡን። የጭቃው ግድግዳ በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ተሸፍኗል። ከአልጋው በላይ «ቁጥር ፩» የሚለውን ሳይ ጮህኩ።

«ምነው ልጄ፣ እባብ ነው እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

ነገርኳቸው። እሳቸውም ሲጋቡ ባለቤታቸው ከደሴ ዕቃ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሁሉ እያመጣ እንደለጠፈው አጫወቱኝ። «ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ግን የተለማመድኩት በዚሁ ግድግዳ ነው» አሉ።

የገጾቹ ግማሽ ፊታቸውን ወደ ጭቃው አዙረዋል። ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ቀስ አድርገን ብንልጠውስ?» አለ።

«ወላሂ አይሆንም! ቤቴን ራቁቱን ልታስቀሩት ነው?»

ስለዚህ የሚታየውን በስልኬ አነሳሁ። እየተጠጋሁ ሳነሳ እሳቸው ጣታቸውን አንድ ገጽ ላይ አሳረፉ። ተከታታይ ታሪክ ነው። እጮኛዋ ሩቅ አገር የሄደባት ልጅ መናኸሪያ ቆማለች፣ አውቶቡሱ ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ። ከሥሩ «ይቀጥላል» ይላል።

«ይኸው ልጆቼን ወልጄ፣ ድሬ፣ የልጅ ልጅ አየሁ። ማን እንደወረደ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም» አሉኝ።

እዚያው ለአዘጋጁ ደወልኩ። ፎቶዎቹ ሲደርሱት በደስታ ደጋግሞ አመሰገነኝ። የሴትዮዋን ጥያቄ ስነግረው ደግሞ ሁለተኛውን እትም ከመደርደሪያ አውጥቶ መልሶ ደወለ። ሦስታችንም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ስልኩን ከበብነው። አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። ከአውቶቡሱ የወረደው እጮኛዋ ነበር፤ ግን መንኩሶ፣ ቆብ ደፍቶ።

እናት ስልኩን ትኩር ብለው አዩት። እኔማ ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ።

«መነኮሰ?» አሉ። «ታዲያ ያቺን ልጅ ምን አስጠበቃት! ሰው መልክት አይልክም? ያ ረቢ! ይህን የጻፈው ሰው እህት የለውም?»

አዘጋጁ በሳቅ ማንበቡን አቆመ። እኛም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ እሳቸው ግን ከምር ተናደዋል። ንዴታቸው በረድ ሲል አዘጋጁ ፎቷቸውን ለማውጣት ፈቃድ ጠየቃቸው። «ቆይ» ብለው አዲሱን ሻሻቸውን አሰሩና ከግድግዳው ጎን ቀጥ ብለው ቆሙ።

የመጽሔቱን ታሪክ የያዘው እትም ሲወጣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እሳቸው አሉ። ባልደረባዬ እንደነገረኝ እናቱ መጽሔቱን ይዘው ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰዋል፤ ስለ እጮኛው መመንኮስም ለሁሉም አቤት ብለዋል። መንደሩ እስካሁን ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል አሉ።