ከጋራው ጀርባ ያለው ልጅ

የተያዝኩት ሲግናል ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ስሜን ጠሩኝና ስልኬን ተቀበሉኝ። ለካ ቴሌግራም ላይ የለጠፍኳት ግጥም ናት ጉድ ያረገችኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ፣ የበረኪና ሽታ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ሴቶች። እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሏት፣ ጉሊት ሽንኩርት ትሸጥ የነበረች ወፍራም ሴትዮ ናት።

"አዲስ ገቢ ሻማ ይከፍላል" አለችኝ። ለሳሙናና ለሻይ የሚሆን የቤቱ መዋጮ ነው።

"ብሬን በር ላይ ወሰዱት።"

"ምን አርገሽ ነው የገባሽው?"

"ግጥም ጽፌ።"

"በይ እሱን ክፈይ!"

ቆሜ በቃሌ አልኩላቸው።

አንተ ከጋራው ጀርባ፣ እኔ ከሥሩ ቆሜ፣
ጉም እስኪገፈፍ ድረስ፣ ናፍቆት ተሸክሜ...

ስጨርስ አንዷ አፍንጫዋን ጠረገችና "ይሄማ የኔ ባል ነው፣ ጅዳ ሄዶ የቀረው" አለች።

ከእንጦጦ ጀርባ የመጡ፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይደለም ልጄ። ከጋራው ጀርባ የሄደው ሰላም ነው።"

"ሰላም ከሆነማ እንደሷ ባል ጠፍቶ ነው የሚቀረው!" አለች ካቦ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

"ኧረ ሰው ነው!" ጮህኩባቸው። "በእግሩ የሚሄድ ልጅ ነው!"

ማንም አልሰማኝም። መመረቂያዬን የሠራሁት በግጥም ውስጥ ስላለ ተምሳሌት ነው፤ የዛን ቀን ግን ተምሳሌት የሚባል ነገር አንገሸገሸኝ።

በነጋታው መርማሪው ግጥሜን አትሞ፣ አስምሮበት ጠበቀኝ።

"ጋራው መንግሥት ነው። ጉሙ አዋጁ ነው። ልጁ ደግሞ ጫካ ያለው ኃይል ነው።"

እውነቱን ለመናገር ከአማካሪዬ የተሻለ አንብቦታል። ኤ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም።

"ጋራው እንጦጦ ነው" አልኩት። "ጉሙም ክረምት ላይ የምናየው ጉም ነው። ልጁም ልጅ ነው።"

"ልጅ ከሆነ ስሙን ንገሪኝ። አምጥተን እናጣራለን፣ አንቺ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ካልሆነ ያልኩትን እጽፈዋለሁ፣ ክስ ይሆናል።"

ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከእንጦጦ ራጉኤል ወዲያ ባለች ጋራዥ ውስጥ፣ ምንም ሳያውቅ፣ በዛን ሰዓት መኪና ሥር ተኝቷል። አንድ ቃል ብተነፍስ እኔ ወጥቼ እሱ ይገባል።

እስክሪብቶ ጠየቅኩና ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ፦ "ልጁ ሰው ነው። እወደዋለሁ። ስሙን አልናገርም።" ፈረምኩበት።

መርማሪው ደጋግሞ አነበበው።

"እንደምትወጂው ነግረሽዋል?"

"አልነገርኩትም።"

"ለሱ ያልነገርሽውን ለኔ ትነግሪኛለሽ?"

"አንተ ጠየቅከኝ። እሱ መች ጠየቀኝ!"

ሳቁን በሳል ሸፈነው። ከዛ ፊቱን አኮሳትሮ "ውሰዷት" አለ።

ክፍሉ ስገባ ሁሉም ተነስተው ቆመዋል።

"ስሙን ሰጠሽ?" አለች ካቦ።

"አልሰጠሁም።"

አዴ እልልታውን አቀለጡት፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ጠባቂው በሩን ደበደበ። "ምንድነው እሱ?"

"ሰርግ አለብን!" አለች ካቦ። "ሙሽራው ብቻ ነው የጎደለው!"

ከዛ በኋላም ትንሽ ቆይቻለሁ። መጨረሻ ላይ በዋስ ለቀቁኝ።

በወጣሁ ሰሞን ልጁን እንጦጦ ላይ አገኘሁት። የተጠበሰ በቆሎ ይዘን እየሄድን፣ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ጭምር አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ።

"ቆይ፣ ግጥሟ ስለኔ ናት እንዴ? እኔ እኮ ስለ ሀገር መስሎኝ ነው ሼር ያረግኳት!"

በበቆሎው ቆረቆንዳ መታሁት። መንገደኛው ሁሉ እያየን እስኪደክመን ሳቅን።

አሁን ግጥሜን ማንም እንደፈለገ ቢተረጉመው ግድ የለኝም። አዴ ሰላም ካሉት ሰላም ይሁን፤ ባሏ የቀረባትም ባሏን ታግኝበት። የልጁን ስም ግን እዚህም አልጽፈውም። የኔ ነዋ።