ለጋሼ ቶሎሳ ያላደረስኩት የዝናብ ወሬ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ እህል በረንዳ በአባቴ መደብር ጤፍ በምሸጥበት ዘመን ነው። ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፎኛል። ነጋዴ ነበርኩና በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ስለ ዝናብ የዋሸሁትን ግን አልረሳሁትም።

ጋሼ ቶሎሳ የበቾ ገበሬ ነበሩ። ጤፋቸውን ለአባቴ ሲያመጡ ኖረው፣ እሱ ሲሞት ለእኔ ማምጣት ቀጠሉ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውብን ነበር። ሁለተኛውን ስንቀብር ጋሼ ቶሎሳ ከአገራቸው ድረስ መጥተው፣ «የሚቀጥለውን እኔ ነኝ ክርስትና የማነሣው፤ ያድጋል» አሉን። ሦስተኛው ወንድ ልጅ ሲወለድ ባለቤቴ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልፈልግም አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። እሳቸው ካላነሡት ይሄም የሚሞትብን መስሎኝ ነበር።

የልጁ አርባ ቀን ኅዳር ውስጥ ቅዳሜ ዋለ። ጋሼ ቶሎሳ ረቡዕ ዕለት በጭነት መኪና መጡ። እስከ ክርስትናው ከእኛ ጋር ሰንብተው፣ ሰኞ ደቦ ጠርተው ጤፋቸውን ሊከምሩ አስበዋል። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ላይ እንደተኛ ነው ትተውት የመጡት። በኅዳር ማን ዝናብ ይጠብቃል?

በሰፈራችን ሰይፉ የሚባል ሰው ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሥራው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የአየር ጠባይ መመዝገብ ነው። ሁልጊዜ አንጋጦ ስለሚሄድ የበረንዳው ሰው «ደመና ቆጣሪው» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነበርኩ።

ያን ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ ምስር ሊገዛ ገባ። ጋሼ ቶሎሳ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ገበሬ መሆናቸውን ሲሰማ፣

«አባቴ፣ እህልዎ ተሰብስቧል?» አላቸው።

«ታጭዷል። ገና አልተከመረም።»

«ቶሎ ቢከምሩት ይሻላል። ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም።»

እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። «በኅዳር? ደመና ቆጣሪው ዛሬ ደግሞ ክረምቱን መልሶ አመጣው!» በረንዳው ላይ የነበሩት ነጋዴዎችም አብረውኝ ሳቁ።

ሰይፉ አልተቆጣም። ምስሩን አስቀምጦ በእጁ እያሳየ ያስረዳን ጀመር። ከዓረብ አገር በታች ባለው ባሕር ላይ ትልቅ አውሎ ነፋስ ተነሥቷል፤ ውሃው ላይ እንደ እንዝርት እየሾረ ወደ ኤደን በኩል ይመጣል፤ መርከበኞች በሬዲዮ አስታውቀዋል። አውሎ ነፋሱ ራሱ እኛ ዘንድ አይደርስም። ከባሕሩ የጠጣውን እርጥብ አየር ግን ወደ ደጋው ይገፋዋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር እየወረደ ነው።

«ሁለቱ እኛ አናት ላይ ከተገናኙ፣ ወሩ የትኛው እንደሆነ አይጠይቁም» አለ።

እሱ ሲወጣ እኔ ገና እስቃለሁ። ጋሼ ቶሎሳ ግን፣ «ከሦስት ቀን ወዲህ የሌሊቱ ውርጭ ቀርቷል። እኔም ምን ይሆን ብዬ ነበር» አሉ።

ማታ እህል አልወርድላቸው አለ። ሐሙስ ጠዋት ጠሩኝ።

«ንጉሤ ልጄ፣ እስቲ ያንን ሰው ደግመህ ጠይቅልኝ። ይመጣል ካለ አሁኑኑ ልሂድ። ጎረቤት ለምኜ ዛሬና ነገ ከሠራን አብዛኛውን እናነሣዋለን።»

«ክርስትናውስ?»

«ከደረስኩ እደርሳለሁ። ካልደረስኩ ለልጁ ሌላ ሰው ፈልግለት። የልጆቼ ጉሮሮ ነው።»

ሰይፉን ከቤቱ ሲወጣ በር ላይ አገኘሁት። «ትናንት ካልኩት የተለወጠ ነገር የለም። ነገ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል ብዬ እፈራለሁ። ይሂዱ። በእኔ ስም ንገራቸው» አለኝ።

ከእሱ በር እስከ መደብሬ መቶ እርምጃ አይሞላም። በዚያች መንገድ ላይ ሁለቱን ትንንሽ መቃብሮች አሰብኩ፤ ባለቤቴን አሰብኩ። ደግሞም ኅዳር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል አልኩ። የጋሼ ቶሎሳን ልጆች ግን አላሰብኳቸውም።

«አልፏል አለኝ። ወደ ሱማሌ በኩል ዞሯል» አልኳቸው።

«ተመስገን!» አሉና ቁርሳቸውን በሉ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ከምሥራቅ በኩል ጠቆረ። ነጋዴው ሁሉ በረንዳ ላይ የደረደረውን ጆንያ ለማስገባት እየተሯሯጠ ሳለ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ሲጮህ ሰውና ሰው መደማመጥ አልቻለም። መንገዱ ጎርፍ ሆነ፤ የፈሰሰ ሽምብራ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ጋሼ ቶሎሳ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ወደ ዝናቡ ዘርግተዋል።

«በቾም ይሆን?» አሉኝ።

«እዚህ ብቻ ነው የሚሆነው» አልኩ። ሁለተኛ ዋሸሁ።

ሲዘንብ አደረ። ልጁን ቅዳሜ ማለዳ በጃንጥላ ሸፍነን ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው። ጋሼ ቶሎሳ ክርስትና አነሡት። ቤት ተመልሰን ምሳ ቀርቦ ሳለ ሰይፉ በጉርብትና ሊጠይቀን መጣ። ጋሼ ቶሎሳን ሲያይ ደነገጠ።

«አባቴ፣ አልሄዱም እንዴ? ይሂዱ ብዬ ለንጉሤ ነግሬው ነበር እኮ!»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ጋሼ ቶሎሳ ሕፃኑን ታቅፈው ነበር። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ትንሽ አዩኝና ወደ ሰይፉ ዞረው፣ «ነግሮኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ ለክርስትና ልጄ ስል» አሉት።

ሰይፉ አመናቸው። ሁሉም አመናቸው። ሴቶቹ እልል አሉ።

እሑድ ሲሄዱ የተሳፈሩበት መኪና በመረሬው ጥቁር ጭቃ ተይዞ መንገድ ላይ አደሩ። ዝናቡ ሁለት ቀን ጨመረ። ጤፉ በተኛበት ማሳ ላይ በቀለ፤ የቀረውም ጠቁሮ ለከብት እንኳ የማይሆን ሆነ። በዚያ ዓመት አንድ በሬያቸውን ሸጡ። ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር በቀለች የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ ከትምህርቷ ቀርታ ተዳረች። ይህንን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ከሌላ ገበሬ ነው የሰማሁት።

በክረምቱ መግቢያ ዘር ላክሁላቸው፤ «የክርስትና ልጅዎ ልኮልዎታል» ብዬ። ገና የሰባት ወር ሕፃን ነው። ከጀርባው ተደበቅሁ። እሳቸውም ምርቃት መልሰው ላኩ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሩ። በየዓመቱ መጥተው ልጁን ያዩታል። ብዙ ጊዜ መደብሩ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀርተናል። «ጋሼ ቶሎሳ» ብዬ እጀምራለሁ። «አቤት ልጄ» ይላሉ፤ ቀና ብለው ይጠብቁኛል። እኔ ስለ ጤፍ ዋጋ እጠይቃቸዋለሁ። መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ልጄ ዛሬ ራሱ አያት ሆኗል። ስለ ክርስትና አባቱ ሲያወራ፣ «ለእኔ ሲሉ የዓመት እህላቸውን የተዉ ሰው» እያለ ነው። ከእናቱ የሰማው ነው። ይህን ሲል አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን አርሜው አላውቅም። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ጻፍኩት። ሲያነበው ያውቃል።